ቪትዝ ውሃ እየጨረሰችብኝ ነው፣ ከስር ግን አንድ ጠብታ የለም

ቪትዝ_2004፦
ሰላም ወገኖች። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ የምተዳደረው በሷ ነው ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ሰው አመላልሳለሁ። ከሶስት ሳምንት ወዲህ ውሃ እየቀነሰችብኝ ነው። ሪዘርቨሩን (ትርፍ ውሃ የሚይዘውን ፕላስቲክ ዕቃ) ፉል የሚለው መስመር ድረስ ሞልቼ በአምስት ቀን ውስጥ ከሎው በታች ይወርዳል፣ ግማሽ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ፣ ደሞ እንደዛው። ማታ ያቆምኩበትን ቦታ ጠዋት ሳየው ደረቅ ነው። እንደምታውቁት ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ የላትም፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቀይ፣ በቃ። ቀዩ አንዴ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ብልጭ ሲል ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋኋት። ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ኮፈን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳያይ "ውጪ ካልፈሰሰ ውስጥ እየጠጣችው ነው፣ ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ" አለኝ። (ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮን ደሞ በሱና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ።) የጠየቀኝን ከነሬክቲፊካው፣ ማለትም ቴስታታውን ከማስላጪያው ጋር፣ ስደምረው የሁለት ወር ገቢዬ ነው። ሳላስከፍታት በፊት በራሴ ማረጋገጥ የምችለው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የድሮ_መካኒክ፦
ወንድሜ ቴስታታውን እንዳታስወርድ፣ ገና ነህ። መሬት ላይ ጠብታ የለም ማለት አይፈስም ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ ግፊት ይይዛል፣ ትንሽ ክፍተት ካገኘ በዛች ይወጣል፣ የሚወጣው ደሞ የጋለ ብረት ላይ ስለሆነ መሬት ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል፣ ማታ ስታቆማት ግፊቱ ይወርድና መፍሰሱም ይቆማል። ስለዚህ መሬቱን ትተህ ሞተሩን እይ፣ ጠዋት ሳታስነሳት፣ በእጅ ባትሪ መብራት። ኩላንት (ቀለም ያለው የራዲያተር ፈሳሽ) ሲደርቅ ቀለሙን ትቶ ነው የሚሄደው፣ ሮዝ ወይ አረንጓዴ ወይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ታያለህ። ቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመርክ ከሆነ ግን ዱካው ብዙም አይታይም፣ መጀመሪያ ቀለም ያለው ኩላንት ጨምረህ ሁለት ቀን ንዳት።

ከክዳኑ ጀምር። የራዲያተር ክዳን ሰው የሚንቀው ነገር ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የሞተር መደበኛ ሙቀት ደሞ እዛው አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው፣ 1.1 የተጻፈበት ደህና ክዳን መፍያውን እዚሁ ከተማችን ከ115 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው ከደረቀ ወይ ስፕሪንጉ ከላላ ዳገት ላይ ይፈላና በሪዘርቨሩ በኩል በእንፋሎት ይሄዳል፣ አንተም ጓርኒሲዮን ነው ትባላለህ። ጎማውን በጣትህ ዳስሰው፣ ከተሰነጠቀ ቀይረው። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን በጭራሽ እንዳትነካ፣ ፊቱ የተቃጠለ ልጅ በአይኔ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ። በዚህ ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ ነው፣ ስለዚህ በቺንጋው በኩል አጎንብሰህ ታየዋለህ። ከፑሌጊያው (ቺንጋው ከሚያዞረው ክብ ብረት) ኋላ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ የውስጡ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃው በሷ ነው የሚወጣው፣ ሆነ ተብሎ ነው የተሰራችው። ከዛ ማኒኮቶዎቹን (ውሃ የሚያመላልሱትን ጎማዎች) ፋሼታው (ማሰሪያው) የሚይዝበት ጋ፣ የራዲያተሩን ፕላስቲክና አልሙኒየም የሚገናኙበትን ጠርዝ ሁሉ እይ።

ጓርኒሲዮን ከሆነ ምልክት አለው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ማርሚታው ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ሽታው ጣፋጭ ነገር ይመስላል። ካንዴላዎቹን ስትፈታ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ መስሎ ይወጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑን ከፍተህ ስታስነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይፈላል፣ የላይኛው ማኒኮቶ ደሞ ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። የዘይት መለኪያው ላይ ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ካየህ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ስር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ቢታይ ግን አትደንግጥ፣ አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የሚመጣ ነው።

ሰናይት_ኮሮላ፦
የኔም ልክ እንዳንተ ነበር፣ ከስር ጠብታ የለም ውሃ ግን ታልቃለች። ባለፈው ክረምት መስታወቱ እየታፈነብኝ ተቸገርኩ፣ በጨርቅ ስጠርገው ቅባት ነገር ይለጥፋል፣ እኔ ዝናቡ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ "እማ ምንጣፉ እርጥብ ነው" አለችኝ፣ ጋቢና ከእግሯ ስር ምንጣፉን ሳነሳው አረንጓዴ ውሃ አቁሯል። ለካ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው ትንሿ የሂተር ራዲያተር ናት የቀደደችው። እስኪ ምንጣፍህን አንስተህ ዳስሰው፣ አንድ ብር አያስወጣህም።

ናዝሬት_መስመር፦
እኔ የምልህ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ቫልቭ) አስወጣው፣ ከዛ ወዲህ ሙቀት የሚባል ነገር አታይም። የኔን አስወጥቼ ሁለት አመት ሰራሁበት።

የድሮ_መካኒክ፦
ናዝሬት መስመር ይቅርታ አድርግልኝ በዚህ አልስማማም። ቴርሞስታት ማውጣት የሚፈሰውን ውሃ አያቆምም፣ የጋኑን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ክዳኑን መቀየር ነው። ያለሱ ሞተሩ የስራ ሙቀቱ ጋ ለመድረስ ብዙ ይቆያል፣ ሰማያዊው መብራት ቶሎ አይጠፋም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሞተሩም ያረጃል። ይሄ ነገር ከተማችን ውስጥ ልማድ ሆኖ ስንት ደህና ሞተር አበላሸ። ሰራልኝ ያልከው ሌላ ችግር ሸፍኖልህ ሊሆን ይችላል፣ ቀን ካገኘህ አስመልሰው።

ቨርጂኒያ_ነዋሪ፦
እዚህ አገር መጀመሪያ የሚደረገው የግፊት ምርመራ ነው። የብስክሌት መንፊያ የመሰለች የእጅ ፓምፕ ናት፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ትገጠማለች፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ትነፋና ጌጇን አስራ አምስት ደቂቃ ትጠብቃለህ። ከወረደ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው፣ ሞተሩ ስላልጋለ ደሞ ጠብታው ሳይተን በአይንህ ታየዋለህ። አዲስ አበባም ያላቸው ጋራዦች አሉ፣ ሳትሄድ በፊት ደውለህ ጠይቅ፣ የሌለው ጋ ቴስታታ አታስፈታ።

ቪትዝ_2004፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ምንጣፉ ደረቅ ነው፣ ካንዴላዎቹ አራቱም አንድ አይነት ቡኒ ናቸው፣ አረፋም የለም። ሮዝ ኩላንት ጨምሬ ሁለት ቀን ነዳሁና ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በስልኬ መብራት አየሁት፣ ከፓምፑ ፑሌጊያ ጀርባ ሮዝ ጨው መስመር ሰርቶ ወርዷል፣ በጥፍሬ ስፈቀፍቀው ይረግፋል፣ ከስሩ ያለው ብረትም ላይ ተረጭቶ ደርቋል። ቺንጋውን ፈትቼ ፑሌጊያውን ስወዘውዘው ትንሽ ይነቃነቃል። ቴስታታ ሳያወርድ ፓምፑን ብቻ የሚቀይርልኝ መካኒክ አግኝቻለሁ፣ ነገ ጠዋት መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

የድሮ_መካኒክ፦
ተመስገን። ፑሌጊያው ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል፣ እስኪቀየር ድረስ ስራ እንዳትወጣባት፣ ቺንጋውን ከጣለ መንገድ ላይ ትቀራለህ። አዲሱን ፓምፕ ስትገዛ በእጅህ አዙረው፣ ሸካራ ስሜት ካለው መልሰው፣ አሮጌውንም ይዘህ ሂድ አጠገብ ለአጠገብ አስተያያቸው። ቺንጋውንም አብረህ ቀይር፣ ኩላንት ነክቶታል። ሲሞላ ደሞ ሂተሩን በሙቅ ከፍተህ ክዳኑን ሳትዘጋ አስነሳት፣ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ከዛ ዝጋው። በነጋታው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይወርዳል፣ እሱን ጨምርና ሪዘርቨሩ ላይ በማርከር መስመር አስምር፣ በሳምንቱ እዛው መስመር ላይ ካገኘኸው ጻፍልኝ።