«ጊሜይ» ማለት «ፎርጅድ» ማለት ነውን? ስለ ጃፓን ሰይፍ ዕቃዎች አንዳንድ ቃላት

ጥያቄ፦

ለቃላት ወዳጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ጥንታውያን የጃፓን ሰይፍ ዕቃዎች የተጻፈ መግለጫ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በእጀታውና በስለቱ መካከል የሚገባውን፣ «ትሱባ» የሚባለውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ «የእጅ መከታ» ብዬዋለሁ፤ በእኛ ሾተል ላይ እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ስላልሆነ ለብቻው የቆመ ስም አላገኘሁለትም። ይበልጥ ያስቸገሩኝ ግን «ሙሜይ» እና «ጊሜይ» የሚሉት ናቸው። ሁለተኛውን «ፎርጅድ» ብዬ ባልፈው ስሕተት ይሆናል?

መልስ፦

«የእጅ መከታ» ጥሩ ነው፤ ይቀጥሉበት። ጊሜይን ግን «ፎርጅድ» እንዳይሉት እለምንዎታለሁ። እኛ ፎርጅድ የምንለው ነገር ከነሁለመናው የተኮነነ ነው፤ ፎርጅድ ሰነድ ሲባል ወረቀቱም ማኅተሙም ፊርማውም አብረው ይወድቃሉ። ጊሜይ የሚናገረው ስለ ስሙ ብቻ ነው። «ሜይ» በብረቱ ላይ የተቀረጸው ስም ነው፤ «ሙ» አለመኖርን፣ «ጊ» ሐሰትን ያመለክታል። ስለዚህ ሙሜይ «ስም ያልተቀረጸበት»፣ ጊሜይ ደግሞ «የሌላ ሰው ስም በሐሰት የተቀረጸበት» ይሆናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎበዝ አንጥረኛ እጅ የተሠራ ትሱባ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሻጩ ዋጋው እንዲወደድለት ብሎ የኖቡኢዬን ወይም የካኔኢዬን ስም አስቀርጾበት ሊሆን ይችላል፤ የእነዚህ ሁለት ስመ ጥር የትሱባ ሠሪዎች ስም በሌሎች እጅ እጅግ ብዙ ጊዜ ተቀርጿል። እንዲህ ያለው ዕቃ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ የዋሸው ስሙ ነው። አንባቢዎ ፎርጅድ የሚለውን ካየ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቆርቆሮ አድርጎ ያስበዋል።

ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ቃል አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ከጃፓን የጦር ገዢው ከአሺካጋ ዮሺማሳ ዘመን የተነሣው የጎቶ ቤት፣ ከመሥራቹ ከዩጆ (እ.ኤ.አ. 1440–1512) ጀምሮ እስከ ቶኩጋዋ አገዛዝ ፍጻሜ (1868) በ17 ትውልድ ለገዢዎች የሰይፍ ጌጥ ሲሠራ የኖረ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች በሥራቸው ላይ ስም የመቅረጽ ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ የኋላ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ሥራ መርምረው ሲያረጋግጡ «ይህ የዩጆ ነው» ብለው ከጻፉ በኋላ የራሳቸውን ስምና ምልክት ይጨምሩበት ነበር። ይህ «ኪዋሜ-ሜይ» ይባላል፤ «ኪዋሜ» አንድን ነገር እስከ መጨረሻው መርምሮ መወሰን ነው። ስሙ በሠሪው እጅ አልተቀረጸም፤ ሆኖም ሐሰት አይደለም፣ ምስክርነት ነው። እኔ «የመስካሪ ጽሑፍ» ብዬ እተረጉመዋለሁ።

ጥያቄ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ዕቃው ራሱ አዲስ ሆኖ ጥንታዊ እንዲመስል ሲደረግስ ምን እንለዋለን? ደግሞስ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦

ፎርጅድን ለእርሱ ያስቀምጡለት፤ ወይም በጨዋ አማርኛ «አስመስሎ የተሠራ» ይበሉት። የጃፓን መንግሥት በ1876 (እ.ኤ.አ.) ሰይፍ መታጠቅን ከከለከለ በኋላ እነዚህ ዕቃዎች ከሰይፋቸው ተለይተው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሰብሳቢዎች በብዛት ተሻገሩ፤ ፈላጊው ሲበዛ ማዕድን አቅልጦ በቅርጽ የሚያፈስሰውም በዛ።

ምርመራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ትሱባውን በማጉያ መነጽር ሲያዩ ከፊት ገጹ ጌጥ አይጀምሩ፤ የተፈለፈሉትን ክፍተቶች ውስጠኛ ግድግዳ ይመልከቱ። በእጅ የተሠራው ላይ የሞረድ ጭረትና የመሮ ስለት ይታያል፤ ማዕዘኖቹም ጥርት ያሉ ናቸው። በቅርጽ የፈሰሰው ላይ ማዕዘኖቹ እንደ ሟሟ ሳሙና ይለሰልሳሉ፣ አየር የተወባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይኖራሉ፣ አንዳንዴም የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ስስ መስመር ሳይሞረድ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ እጀታው የሚዘልቀው የብረቱ ጭራ የሚያልፍበትን መካከለኛ ቀዳዳ ይመርምሩ። በእርግጥ ሰይፍ ላይ የኖረ ትሱባ እዚያ ቦታ መፋቅና መመታት አያጣውም፤ ብዙ ጊዜም ለአዲስ ሰይፍ እንዲስማማ ከላይና ከታች ቁራጭ መዳብ ተሸጉጦበታል።

«ናናኮ» የሚለውንም ቃል በዚሁ ይያዙ፤ በጽሕፈቱ የዓሣ እንቁላል ማለት ነው። ጫፉ እንደ ጽዋ በጎደጎደ ትንሽ መምቻ አንድ በአንድ እየተመታ፣ ገጹን ሁሉ በተደረደሩ ጥቃቅን ፍሬዎች የሚሸፍን ሥራ ነው። በእውነተኛው ላይ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ክብ ሆኖ ይቆማል፤ በቅርጽ የፈሰሰው ላይ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው የደበዘዙ ናቸው። ቃሉን ያወጣው ሰው የዓሣ እንቁላል በቅርብ አይቶ እንደነበር አልጠራጠርም።

የማዕድኖቹ ስምም ያሳስታል። «ሻኩዶ» በፊደሉ ቀይ መዳብ ማለት ነው፤ ዕቃው ግን ጥቁር፣ በደንብ ከተሠራም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ነው። ከጥቂት ወርቅ ጋር የተቀላቀለ መዳብ ሲሆን፣ ጥቁረቱ በመድኃኒት ውስጥ ተቀቅሎ የሚያወጣው ስስ ቆዳ ነው። ስለዚህ «አጸዳለሁ» ብሎ በጨርቅና በአሸዋ የፈተገው ሰው ጥቁሩን ገፎ መዳቡን ያወጣዋል፤ ይህን ያህል ጉዳት ዝገት እንኳ አያደርስም። «ሺቡኢቺ» ደግሞ አንድ አራተኛ ማለት ነው፤ ከአራት እጅ አንዱ ብር፣ የቀረው መዳብ መሆኑን ይናገራል፤ በተግባር ግን መጠኑ ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ሁለቱንም በስማቸው ይተዋቸው፤ «ቀይ መዳብ» ብለው ከተረጎሙ አንባቢው ቀይ ነገር ይፈልጋል።

ሌላ አስተያየት፦

በዚህ አጋጣሚ ከእነዚሁ ዕቃዎች ወደ ጃፓኖች የዕለት ንግግር የገቡ ፈሊጦች ካሉ ቢነገረን እንወዳለን። «ኦሪጋሚ» ወረቀት አጥፎ ወፍ ከመሥራት ሌላ ትርጉም አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦

ልክ ሰምተዋል። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም በቶኩጋዋ አገዛዝ ጊዜ፣ የሆናሚ ቤተሰብ ለሰይፎች፣ የጎቶ ቤት ለሰይፍ ጌጦች የሚሰጡት የማረጋገጫ ወረቀት ታጥፎ የሚጻፍ ስለነበረ ኦሪጋሚ፣ «የታጠፈ ወረቀት» ተባለ። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ችሎታ «ኦሪጋሚ-ትሱኪ» ሲሉ ወረቀት ያለው ማለታቸው ነው፤ በአማርኛችን «የተመሰከረለት ባለሙያ» ከምንለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በአሁኑ ጊዜ ወረቀቱን የሚሰጠው በ1948 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች ጥበቃ ማኅበር ሲሆን፣ ከደረጃዎቹ አንዱ «ሆዞን» ይባላል፤ «ሊጠበቅ የሚገባው» ብለን ብንተረጉመው አንሳሳትም። ጊሜይ የሆነ ዕቃ ይህን ወረቀት አያገኝም፤ ስም ያልተቀረጸበት ግን ሠሪው ወይም የሠሪው ወገን ተገምቶ ሊያገኝ ይችላል።

ሌላው «ሴፓ» ነው፤ ከትሱባው ፊትና ኋላ የሚገባ፣ ሰይፉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያጣብቅ ስስ የማዕድን ሰሌዳ። የተለመደው ማብራሪያ እንደሚለው፣ ሴፓው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ሰይፉ አይመዘዝም፣ ባለቤቱም መሸሻም መመከቻም ያጣል። ስለዚህ መውጫ ያጣ ሰው «ሴፓው ጠበበ» ይባላል። እኛስ «ጭንቅ ጥብብ አለው» እንል የለም?

የመጀመሪያው ጠያቂ፦

አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። «ፎርጅድ የካኔኢዬ ትሱባ» ብዬ ጽፌው የነበረውን አሁን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «የብረት የእጅ መከታ፤ የኤዶ ዘመን ሥራ፤ የካኔኢዬ ስም ተቀርጾበታል፤ ስሙ ግን በካኔኢዬ እጅ የተቀረጸ አይደለም።»