«ጥሩ መምህር መታየት አይፈራም» ማለት ምን ማለት ነው?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ዛሬ ስብሰባ ላይ በክፍል ምልከታ ቅሬታ አነሳን። የተሰጠን መልስ «ጥሩ መምህር መታየት አይፈራም» የሚል ነው። በጣም ተናደድኩ! ባለፈው ሱፐርቫይዘሩ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ፣ 15 ደቂቃ ቼክሊስቱን ሞልቶ ወጣ። አንዲት ቃል አልነገረኝም። ነጥቤን ያየሁት የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ነው። ድጋፍ የሚባለው ይሄ ነው?

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦ ንዴትሽ ይገባኛል፤ አባባሉ ግን ልክ ነው። ያላየሁትን መምህር በምን ልርዳው? ብዙዎቻችን ጠይቀን አንድ ሰከንድ እንኳ ሳንጠብቅ ራሳችን እንመልሳለን። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ አሳይታለች። መምህሩ 3 ሰከንድ ሲታገስ የተማሪውም መልስ ይረዝማል። ይህን ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ታዲያ ማን ነገረኝ? «አይፈራም» ነው የተባልነው። እድገቴን የሚወስን ወረቀት ይዞ የገባን ሰው እንዴት አልፈራም ጋሼ?

ጀማሪ መምህር፦ እኔን የዲፓርትመንት ተጠሪያችን አይታኛለች። ነጥብ አልሰጠችም። እረፍት ላይ ጠርታ ወረቀት አሳየችኝ፤ የክፍሉን አቀማመጥ ስላ፣ የጠየቅኳቸው ልጆች ላይ ምልክት አድርጋለች። ሁሉም የፊት ሁለት ረድፎች ናቸው፣ ከኋላ አንድም የለም። ደነገጥኩ። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦ ይኸው! መታየቱ ጠቀመህ።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ «ነጥብ አልሰጠችም» የምትለዋን ለምን ዘለሏት?

የሒሳብ አስተማሪ፦ እሷ ናት ቁም ነገሯ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ኦፍስቴድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድ ክፍለ ጊዜ ደረጃ መስጠት አቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ60 ጥናቶች ትንተናም አለ፤ እየታየ የሚመከር መምህር አሠራሩ በደንብ ይሻሻላል ይላል። ፕሮግራሙ ሲሰፋ ግን ውጤቱ ይቀንሳል። ለአንድ ሱፐርቫይዘር መቶ መምህር ሰጥቶ ምክር መጠበቅ ከንቱ ነው። ደግሞ የስፖርት መምህር የነበረ ሰው ስለ ሒሳብ ምን ይመክረኛል?

የስፖርት መምህር፦ ቆይ፣ ስፖርት ምን አደረገህ? የፊት ረድፉን ብቻ እንደምትጠይቅ ለማየት ሒሳብ ማወቅ አለብኝ?

የሒሳብ አስተማሪ፦ ልጁ ክፍልፋይ ላይ የት ጋ እንደተሳሳተ ለማየት አዎ!

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦ ከርዕሱ አትውጡ። ነጥብ ከቀረ ደካማውን በምን እንለየው? ዓመቱን ሙሉ እሱ ጋ የሚቀመጡት ልጆችስ?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ይለይ፣ አልጠላሁም። ግን ሊመዝነኝ የመጣው እና ሊረዳኝ የመጣው ሰው አንድ አይሁን። ድክመቴን ለማን ነው የማሳየው?

የቀድሞ ርዕሰ መምህር፦ ጥሩ መምህር ለሁለቱም ያሳያል።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ይኸው ተመለሱበት!