የድሮ ሠርግ ዲቪዲ ፕሮጀክት ላይ አዲስ ቪዲዮ መተካት

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኢንኮር ሲኤስ6 (የአዶቢ ዲቪዲ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ የሠርግ ፕሮጀክት አለ። ሜኑው (ዲቪዲው ሲከፈት የሚመጣው የምርጫ ገጽ) ላይ አምስት በተን አለው፦ ሽምግልና፣ የሙሽራዋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መልስ፣ ቅልቅል። ሜኑው እንዳለ ሆኖ የጥር ሠርግ ቪዲዮ ልተካበት ነው። የድሮው 60 ደቂቃ፣ አዲሱ 150 ደቂቃ። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፣ ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ሴቭ አዝ» ብለህ በሌላ ስም አስቀምጠው። ኢንኮር ከፕሮጀክት ፋይሉ ጎን በዚያው ስም ፎልደር ይፈጥራል፤ ኮምፒውተር ስትቀይር ሁለቱንም አብረህ ውሰድ። ከዲስክ የተገለበጠው ፎልደር ግን ፕሮጀክት አይደለም፣ ኢንኮር ላይ እንደ ፕሮጀክት አይከፈትም።

የድሮውን ታይምላይን (ቪዲዮውና ድምፁ የሚደረደርበትን መስመር) ቶሎ አትሰርዘው፤ ወደሱ የሚወስዱት በተኖች ሊንካቸው ይጠፋል። አዲስ ታይምላይን ክፈት፣ ቪዲዮውን አስገባ፣ ቻፕተሮቹን (የየክፍሉን መጀመሪያ ምልክት) አስቀምጥ፣ በተኖቹን አንድ በአንድ ወደነሱ አዙራቸው፣ «ኤንድ አክሽን»ን (ቪዲዮው ሲያልቅ የሚሄድበትን) ወደ ሜኑ አድርገው። የድሮውን የምትሰርዘው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ «ቼክ ፕሮጀክት» ካልከው የተረሳ ሊንክ ካለ ያሳይሃል።

መልስ 2፣ መሐል ሜዳ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ቢትሬቱ (ቪዲዮው በሴኮንድ የሚወስደው የዳታ መጠን) ነው። 60 ደቂቃ በ8 ሜጋቢት 3.6 ጊጋባይት ነበር፤ በዚያው ሴቲንግ 150 ደቂቃ 9 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ የሚይዘው 37,600 ሜጋቢት ነው። ለ9,000 ሴኮንድ ስታካፍለው በሴኮንድ 4.18 ሜጋቢት ይደርሳል። ለሜኑ 5 በመቶ ያህል፣ ለድምፅ 0.192 ቀንስና ቪዲዮውን በ3.7፣ ባለ ሁለት ፓስ ቪቢአር (መጀመሪያ ቪዲዮውን አይቶ ቢትሬቱን እንደ ትዕይንቱ በሚያከፋፍለው) አውጣው። ድምፁ ዶልቢ ዲጂታል ይሁን፤ ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ብቻውን 1.5 ሜጋቢት ይበላል። እውነቱን ለመናገር ግን እስክስታ በ3.7 ይሰባበራል። መልሱንና ቅልቅሉን ሁለተኛ ዲስክ ላይ አውጣቸው፣ ምስሉም ጥርት ይላል።

ሌላው፣ ኤክስፖርቱ ፓል (የቲቪ ምስል ስታንዳርድ)፣ 720 በ576፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ይሁን። በ30 ፍሬም የተቀረጸ ካለ ካሜራው ሲዞር ይንቀጠቀጣል። ቻፕተር ማርከሩን ፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ላይ አስቀምጥ። ቪዲዮው ኤምፔግ (የዲቪዲ ቪዲዮ ፎርማት) ከሆነ በኋላ ኢንኮር ላይ ብታስቀምጠው ቦታውን ትንሽ ይስታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። የሙሽሮቹን ስም ለሜኑው ፎቶሾፕ ላይ ስጽፍ ባዶ ሳጥን ሆነብኝ።

መልስ 1፦
የተመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርገው። ስትጽፍ ጽሑፉን ብቻ ቀይር፤ (+) ወይም (=1) ብሎ የሚጀምረውን የሌየር (የምስሉ ንብርብር) ስም አትንካ። (+) ከጠፋ በተንነቱ ይቀራል፣ (=1) ከጠፋ በሪሞት ሲመረጥ አይበራም።