ለክልል ምክር ቤት ተመራጭ የመራጮች ወረቀት እያዘጋጀን ነው፤ ምን ይግባበት? (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻን ለሚወክሉ አንዲት የክልል ምክር ቤት አባል፣ ከየጉባኤው መልስ ለመራጩ የምትደርስ አንድ ቅጠል ወረቀት እያዘጋጀን ነው። ኤ4፣ ፊትና ጀርባ፤ ያው ጽሑፍ በቴሌግራምም ይለቀቃል። በመራጭ ተመራጭ መድረክ የሚመጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ ላልመጣው ቤቱ እንድትደርሰው ነው ሐሳቡ።

የከበደን ይኸ ነው። አንደኛ፣ የአዋጅ ዜና ሕግ ላልተማረ ሰው እንዴት ይጻፋል? ሁለተኛ፣ ከሕዝብ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው መብራት፣ ውሃና መንገድ ነው፤ ያን ሁሉ ክልሉ አይወስነውም፣ ዝም ማለትም አይቻልም። ሦስተኛ፣ በኮምፒዩተር የተጻፈውን ቴሌግራም ላይ ስንለጥፈው ፊደሉ ወደ ላቲን ቁርጥራጭ ይለወጣል። የምታውቁ አግዙን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

አብሽሩ፣ ጥሩ ሥራ ነው የጀመራችሁት። እኔ ስለ አዋጁ ልበል።

ሰው የሚሳሳተው በአዋጁ ይዘት ብቻ አይደለም፣ አዋጁ የደረሰበትን ደረጃ ባለማወቅም ነው። «አዲስ አዋጅ ወጣ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በማግሥቱ ወረቀቷን ይዞ ቀበሌ የሚሄድ ሰው አለ። ሠራተኛው «እኛ ጋ አልደረሰም» ይለዋል፤ ሰውየው አንድም ሠራተኛውን ይጠላል፣ አንድም ወረቀቷን ሁለተኛ አያምንም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሕግ ዜና በላይ በደማቁ ደረጃውን ጻፉ፦ ረቂቅ ነው፣ በቋሚ ኮሚቴ እየታየ ነው፣ ጸድቋል፣ ወይም በዝክረ ሕግ (ክልሉ ሕጎቹን በሚያትምበት ጋዜጣ) ታትሟል። «ጸደቀ» እና «ታተመ» አንድ አይደሉም። የታተመ ከሆነ ቁጥሩንና ዓመቱን ሙሉ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሰው ቢሮ ሄዶ በቃል ሲከራከርና ቁጥር ጠርቶ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ይለያያል።

ሌላው፣ አዋጅ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። አዋጁን ምክር ቤቱ ያወጣል፣ ደንቡን የክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት፣ መመሪያውን ቢሮው። የክልላችንን የገጠር መሬት ሕግ ተመልከቱ፦ አዋጁ ቁጥር 252/2009 ነው፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ቁጥር 159/2010 ሆኖ ኋላ ነው የመጣው። አዋጁ ጸድቆ ደንቡ ገና ከሆነ «ዝርዝሩ በደንብ ይወሰናል፣ ደንቡ አልወጣም» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ከከንቱ ምልልስ ታድናለች።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ረቂቃችሁ ውስጥ «ክብርት ተመራጯ በጉባኤው ተገኝተው ሰፊና ጥልቅ ውይይት ተካሂዷል» የሚል ካለ አውጡት። ለመራጩ ምንም አይነግረውም። በምትኩ እንዲህ ይሁን፦ «ረቂቁ የቤት ኪራይ ውልን ይመለከታል። አከራይም ተከራይም ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርጉ ይጠይቃል። ተመራጯ የድጋፍ ድምፅ ሰጥተዋል፤ ምክንያታቸው ይኸ ነው። የሚቀጥለው ደረጃ ይኸ ነው።» (ምሳሌ ነው፣ ዜና አይደለም።) ተቃውመው ወይም ድምፀ ተአቅቦ አድርገው ከሆነም ይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ወኪሉ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ያልተነገረው መራጭ በምን ይመዝነዋል?

ሐረጎ መታጠፊያ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ።

ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለዩት። መብራት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ ፌዴራል። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፣ እሱም ፌዴራል። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በፌዴራል ኮርፖሬሽን ሥር ነው። የሰፈር ውስጥ ድንጋይ ንጣፍ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት የከተማ አስተዳደሩ ነው። ውሃ ላይ ተጠንቀቁ፦ የቆጣሪ፣ የቢልና የተሰበረ ቧንቧ ጉዳይ የከተማው የውሃ አገልግሎት ነው፤ አዲስ ጉድጓድና ትልቅ መስመር ሲሆን ግን የክልሉ ቢሮ ይገባበታል። እዚህ ላይ ነው የክልል ተመራጯ ጥያቄ ክብደት የሚኖረው።

የፌዴራል የሆነውንም «አይመለከተንም» አትበሉ። ለተወካዮች ምክር ቤት አባሉ በጽሑፍ አስተላልፉና ያስተላለፋችሁበትን ቀን ወረቀቷ ላይ አስፍሩ። የሚያስቀይመው የሥልጣን ክፍፍሉ አይደለም፣ ጥያቄው የት እንደገባ መጥፋቱ ነው። ከኋላው ገጽ ግማሹን ለሠንጠረዥ ስጡት፦ ጥያቄው፣ የቀረበበት ቀን፣ ለማን እንደተጻፈ፣ መልሱ። ካለፈው እትም ያልተመለሰው ሳይሰረዝ ይቀጥል። «መልስ አልመጣም» የሚል መስመር አያሳፍርም፤ ተደብቆ የጠፋ ጥያቄ ግን ያሳፍራል። የጠያቂውን ስምና የቤት ቁጥር በፍጹም አታውጡ፣ ሰፈሩ ይበቃል።

የመንገድና የግንባታ ዜና ላይ አንድ አደገኛ ቃል አለ፦ «ሊሠራ ነው»። በጀት መያዝ፣ ጨረታ መውጣት፣ ውል መፈረም፣ ሳይት መረከብ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመሀላቸው ወራት ያልፋል፣ አንዳንዴ ጨረታው ይሰረዝና ከመጀመሪያው ይጀመራል። የትኛው ላይ እንደደረሰ ብቻ ጻፉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ለሐምሌው እትም ካፒታሉን (የግንባታውን) እና መደበኛውን (የደመወዝና የሥራ ማስኬጃውን) በጀት ለይታችሁ አሳዩ። ሰው ጠቅላላ ድምሩን አይቶ ይህ ሁሉ ብር ለግንባታ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ደመወዝ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ የክልል ተወካይ ሊኖር ይችላል። የጋራ ጥያቄን ለአንድ ሰው ስም አታድርጉ፣ የፓርቲ ዓርማም ወረቀቷ ላይ አይግባ። የመረጣትም ያልመረጣትም እኩል መራጯ ነው።

ቀለምና ወረቀት

ፊደሉ የሚበላሸው ጽሑፉ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በመሰል የድሮ ፊደል ስለተጻፈ ነው። በነዚያ የምታዩት አማርኛ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ ፊደሉ የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አማርኛ ይመስላል። በዩኒኮድ፣ ማለት በየኮምፒዩተሩና በየስልኩ በሚነበበው የፊደል ኮድ ጻፉ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለው ፊደል ይሆናል። የተጻፈውን የፊደሉን ስም በመቀየር ብቻ አይድንም፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

ለሕትመት ከ12 ነጥብ አትውረዱ። ፎቶ ኮፒ ሲደጋገም ቀድማ የምትጠፋው የፊደል ቅጥያ ናት፤ «ለ» እና «ሉ»፣ «በ» እና «ቡ» ይምታታሉ፣ ቁጥርና ስም ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳት ነው። ግራጫ መደብ አትጠቀሙ፣ ኮፒ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ዳርና ዳሩን 2 ሴንቲ ሜትር ተዉ።

ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት 4096 ፊደል ይይዛል፣ ከፎቶ ሥር ሲሆን 1024 ብቻ። ስለዚህ የወረቀቷን ፎቶ ከነሙሉ ጽሑፉ አንድ ላይ ለመላክ አትድከሙ። ዋናውን በጽሑፍ ልቀቁና ወረቀቷን በፋይል አያይዙ፤ ፎቶ ተብሎ ከተላከ ይጨመቅና ትንንሹ ጽሑፍ አይነበብም። የስብሰባ ማስታወቂያ ከሆነ ዕለቱንና ቀኑን በአንድነት፦ «ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ዓይነት። ከመለቀቁ በፊት ዕለቱና ቀኑ መግጠማቸውን ካላንደር ላይ እዩ።

ሥርጭቱን ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ብቻ አታቁሙት። የእድር ወርኃዊ ስብሰባ ከሁሉ ይሻላል፤ ለጸሐፊው ብትሰጡት በዚያው ይነበባል፣ ማንበብ ለማይችለውም ይደርሳል። ከጁምዓና ከቅዳሴ በኋላ ከግቢ በር ውጪ፣ አስፈቅዳችሁ። ለፓርኩ ሠራተኞች ፈረቃ መውጫ ሰዓት ላይ።

ቦርከና ዳር

እግዜር ይስጣችሁ፣ ሠንጠረዡን ዛሬውኑ እናስገባለን። አንድ ቀረኝ፦ መሥሪያ ቤቱ በቃል እየመለሰ በጽሑፍ አልሰጥም ቢልስ? በቃል የተባለውን እንጻፈው?

ሐረጎ መታጠፊያ

በቃል የተባለውን «በቃል የተሰጠ መልስ» ብላችሁ፣ ከቀኑና ከመላሹ የሥራ ኃላፊነት ጋር ጻፉ፤ የሰውየው ስም አያስፈልግም። ከዚያ ጎን ለጎን በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፣ ለክልል መሥሪያ ቤትም ይሠራል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥታችሁ ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ከማኅተም ጋር አስደርጉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። ሠንጠረዡ ላይም የምታሰፍሩት ያንኑ ቀን ይሁን።