ፓሊዮ ዳይት ላይ ሆኜ ሁዳዴ ገባብኝ፣ ምን ልብላ?

ሰላም ናችሁ፣ ፓሊዮ ዳይት የሞከረ ካለ እባካችሁ እርዱኝ። ጂም የሚያሰራኝ ፈረንጅ ነው ያስጀመረኝ፣ ያው ሰው ማረስ ሳይጀምር ይበላው የነበረውን ብሉ ነው ነገሩ፣ ስጋ፣ አሳ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ አልመንድ ምናምን። ኦቾሎኒ እንኳን ከጥራጥሬ ይቆጠራል ብለው ከልክለዋል።

በፍስኩ ብዙም አልከበደኝም፣ ጥብሱን በሰላጣ ቅጠል እየጠቀለልኩ እበላ ነበር (የእንጀራውን ናፍቆት ተዉት)። አሁን ግን 55 ቀን ስጋም እንቁላልም የለም፣ እኛ ቤት በሁዳዴ አሳም አይበላም፣ ሽሮና ምስር ጥራጥሬ ነው ተብሎ ቀረ፣ ጤፍም ግሉተን ባይኖረውም እህል ነው ይላሉ፣ ታዲያ ምን ተረፈኝ? ትናንት ማታ ጎመን በወይራ ዘይት፣ ቀይ ስርና አቮካዶ በልቼ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሆዴ እየጮኸ ቀሰቀሰኝ።

ቆጮ ይቻላል ወይ? እንሰት እህል አይደለም፣ ግንዱና ስሩ ተፍቆ ነው የሚብላላው፣ ስለዚህ እኔ ከስኳር ድንች ጋር ነው የምመድበው፣ አሰልጣኜ ግን እንሰት የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ። ተልባና ሱፍን እንጀራ ሳልፈተፍትባቸው እንዴት ነው የምጠጣቸው፣ በጥብጬ ብቻ? በርበሬዬ ውስጥ አብሽ አለበት፣ አብሽ ደግሞ ከባቄላ ወገን ነው፣ እስከዚህ ድረስ ልጨነቅ እንዴ? ቡናን ጥብቅ የሆኑት አይፈቅዱም፣ እሱን ግን አልተውም፣ አትምከሩኝ።

በፆም የያዘው ሰው ካለ ጠዋትና ማታ የሚበላውን ይፃፍልኝ፣ በተለይ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ነገር ከሆነ።