ትምህርት ቤት በር ላይ ላለው ዜብራ መላ በሉን

መንገዱ በየአቅጣጫው ሁለት መስመር፣ አካፋይ የሌለው 14 ሜትር አስፋልት ነው። ዜብራው በየክረምቱ ይለቃል፤ ዋናው ጣጣ ግን ቀለሙ አይደለም። የዳሩ ሚኒባስ ለልጆቹ ሲቆም ከኋላው ያለው መኪና በውስጥ መስመር ቀድሞት ያልፋል፤ የልጆቹ ቁመት ከሚኒባሱ መስኮት ስለማያልፍ ከሚቀድመው መኪና ሾፌር ጋር አይተያዩም።

መስመሮቹን ከ3.5 ወደ 3 ሜትር ብናጠባቸው መሃል ላይ የ2 ሜትር የእግረኛ ማረፊያ ይወጣል። መሻገሪያውንም 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን ላዩን ጠፍጣፋ ልናደርገው አስበናል። የቸገረን ውሃው ነው፦ ጉብታውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከሞላነው ጎርፉ ዳር ላይ ይተኛል፤ ክፍተት ከተውን ደግሞ ሞተር ሳይክሉ ሁሉ በዚያ ይሾልካል። ክፍተቱን በብረት ፍርግርግ የከደነ አለ? ብረቱ እንዳይሰረቅስ በምን አሰራችሁት? ታክሲ ዜብራው ላይ እንዳያራግፍስ ፌርማታው ስንት ሜትር ይራቅ?