ሲፒኤስና የቤተሰብ ፍርድ ቤት እንዲሻሻል መጠየቅ (ቨርጂኒያ)፦ ፔቲሽኑን ለማን እንስጥ?

የአሌክሳንድሪያ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የአንድ ዕድር ወላጆች ነን፤ 20 ያህል ቤተሰብ እንሆናለን። የሕፃናት ጥበቃው (ሲፒኤስ) እና የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ አሠራር እንዲሻሻል በኅብረት ለመጠየቅ ተነሥተን «ሲፒኤስ ቤተሰብ ማፍረስ ያቁም» የሚል ፔቲሽን (የፊርማ አቤቱታ) አዘጋጅተናል፤ ፊርማም እየተሰበሰበ ነው። የማናውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ወረቀቱ ለማን ነው የሚገባው? ምን ብለን ብንጠይቅ ሰሚ እናገኛለን? ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸውስ መፈረምና መመስከር ይችላሉ ወይ? ከመካከላችን ኬዛቸው ገና ያልተዘጋ ሁለት ቤተሰቦች አሉ፤ ቀድመው መናገር የሚፈልጉትም እነሱ ናቸው። የምታውቁ ብታስረዱን።

የችሎት ደጅ፦

እህቴ፣ ፊርማውን ቀጥሉ፣ ወረቀቱን ግን ገና አትላኩት። «ማፍረስ ያቁም» የሚለውን ያነበበ የምክር ቤት አባል ያዝንላችሁ ይሆናል፤ የትኛው አንቀጽ ከምን ወደ ምን ይቀየር የሚለውን ስላላገኘበት ግን ከፋይል አያልፍም።

መጀመሪያ ነገሩን ለዩት። በአንድ የጄዲአር (በቨርጂኒያ የልጆችንና የቤተሰብን ጉዳይ የሚያየው) ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉዳይ ይታያል። አንደኛው እናትና አባት ሲለያዩ ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ነው፤ ሙግቱ የሁለቱ ነው። ሌላው ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ራሱ አመልካች ሆኖ «ልጁ ተጎድቷል፣ ወይም ተገቢው እንክብካቤ ጎድሎበታል» ብሎ የሚቀርብበት ነው። ሕጋቸውም፣ የሚያስመርሩበት ቦታም ይለያያል። በአንድ ወረቀት ከቀላቀላችኋቸው የፍቺ ቂም ተብሎ ይታለፋል። (አሜሪካኖቹ ወላጆችም ይህን ስሕተት ይሠሩታል፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።)

ቀጥሎ የነገሩን ባለቤት ፈልጉ። አንድ ልጅ ከመጨረሻዎቹ 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር (ከወላጁ ተወስዶ በመንግሥት ኃላፊነት) ካሳለፈ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ያመልክት የሚለው በ1997 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ልጁ ዘመድ ጋር ከሆነ ወይም ካውንቲው ለቤተሰቡ ማቅረብ የነበረበትን አገልግሎት ካላቀረበ ላለማመልከት ቀዳዳ አለው፤ ቀኑን መቀየር ግን የኮንግረስ ሥራ ነው እንጂ የሪችመንድ (የቨርጂኒያ ምክር ቤት) አይደለም። የወላጅነት መብት ለማቋረጥ «ግልጽና አሳማኝ» ማስረጃ ያስፈልጋል የሚለው ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በሳንቶስኪ ጉዳይ የወሰነው ነው፤ ይህ ለእናንተ የቆመ ስለሆነ አትነካኩት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ወላጅ የሚጎዳው ግን ከዚያ በፊት፣ ዳኛ ሳያይ ነው። ምርመራ ሲያልቅ የካውንቲው ሠራተኛ «ፋውንድድ» (ጥቆማው እውነት ነው) ብሎ ለመወሰን ማስረጃው ወደ አንድ ወገን ትንሽ ማጋደሉ ይበቃዋል። የወላጁ ስም በግዛቱ መዝገብ ይገባል፤ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የልጆች እንክብካቤ ሥራ ሊገባ የሚያስብ ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል። ይህ የምርመራ አሠራር በግዛቱ ሕግና በሶሻል ሰርቪስ ቦርድ ደንብ የተያዘ ስለሆነ እናንተ እጅ ውስጥ ነው።

በሌላ ቦታ ወላጆች ያሸነፉት እንዴት እንደሆነ እዩ። ኒው ዮርክ በ2020 ባጸደቀው ሕግ «ጥቂት ተዓማኒ ማስረጃ» የነበረውን መለኪያ ወደ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ከፍ አደረገ፤ የቸልተኝነት መዝገብም ከ8 ዓመት በኋላ ለቀጣሪ እንዳይታይ ሆነ፤ ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራል። ቴክሳስ በ2023 ሀውስ ቢል 730 በሚባለው ሕግ መርማሪው በር ላይ እንደደረሰ የወላጁን መብት በቃልም በጽሑፍም እንዲነግር አስገደደ። ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት፣ ዕድሜውና ብስለቱ የሚፈቅድለት ልጅ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ወይም ውጭ መጫወቱ በራሱ ቸልተኝነት አይደለም ብላለች። (የ5 ዓመት ልጅን ቤት ዘግቶ ለሌሊት ሥራ መውጣት ግን በዚህ አይሸፈንም። ሰው እንዳይሳሳት።) ሁሉም ተለይቶ የታወቀ ነገር ነው የጠየቁት።

ገንዘብንም አስቡ። ወጪ የሚጠይቅ ረቂቅ ዋናውን ኮሚቴ አልፎ በጀት ኮሚቴ ላይ ይሞታል። በቨርጂኒያ በጄዲአር ወላጅን የሚወክል መንግሥት የመደበው ጠበቃ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ጉዳይ ሊከፈለው የሚችለው ጣሪያ 120 ዶላር ነበር፤ ሁሉም መጥፎ መሆኑን እያወቀ ዓመት ከዓመት የተጓተተው ስለሚያስወጣ ነው። ሠራተኛው የወላጁን መብት የሚገልጽ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ በአማርኛ ይስጥ ብትሉ ግን የሚያስወጣው ከምንም አይቆጠርም።

ዜግነትን በተመለከተ፦ መፈረምም መመስከርም ዜግነት አይጠይቅም። ነገር ግን የኮሚቴ ስብሰባ በቪዲዮ ይተላለፋል፣ ይቀመጣልም። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያልተቋጨ ሰው ከመናገሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ያማክር።

አስተርጓሚዋ፦

የችሎት ደጅ በደንብ ጽፎታል፤ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ለኛ ሰው ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በቋንቋ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች።

«መታሁት» የሚለውን ቃል ውሰዱት። አንድ ጥፊም «መታሁት» ነው፣ በቀበቶ መደብደብም «መታሁት» ነው። አስተርጓሚው «ሂት» ካለ አንድ ጊዜ መምታት ይሆናል፣ «ቢት» ካለ ደጋግሞ መደብደብ። ኬዝ ወርከሯ (የሲፒኤስ ሠራተኛዋ) የምትጽፈው የአስተርጓሚውን ቃል ነው፣ የእናትየውን አይደለም፤ ያ ቃል ከዚያ በኋላ እስከ ችሎት ይሄዳል። «ዛሬ ገደልኩህ!» ደግሞ አለ። ማንም አበሻ ልጅ በቀን ሦስቴ የሚሰማው ነው፤ ልጁ ግን ለትምህርት ቤት አማካሪው በእንግሊዝኛ «እናቴ ትገድለኛለች» ብሎ ይነግራል። ያን ጊዜ አማካሪው ዝም ማለት አይችልም።

ሌላው ብልሽት፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ለሆነ ሰው «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ መመደቡ ነው። ወላጁ አክብሮት ሆኖበት «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ «እሺ» ደግሞ ማመን ሆኖ ይመዘገባል። ከሁሉ የሚብሰው ትልቁን ልጅ ማስተርጎም ነው።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በትውልድ አገር ማግለል አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1974 ቋንቋን ከዚህ ጋር አያይዞ ወስኗል። ስለ አስተርጓሚ የነበረው የ2000 የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። አቤቱታ ለፌዴራሉ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ክፍል ይቀርባል፣ ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለላችሁ፤ አማርኛ በስሙ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ምሳሌ አድርጋችሁ አቅርቡት።

የቀድሞ ኬዝ ወርከር፦

የማይወደድ ነገር ልበል። መምህሩና ሐኪሙ ጠላት አይደሉም። ቨርጂኒያ ውስጥ የጠረጠሩትን በ24 ሰዓት ውስጥ ካላመለከቱ ይቀጣሉ። «ጥቆማ ይቅር» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ሪችመንድ ከሄዳችሁ በዚያው ቀን የተጎዱ ልጆችን ፎቶ ይዞ የሚመሰክር ሐኪም ይገጥማችኋል፤ እውነትም አለው። ከጥቆማው በኋላ ያለውን አሠራር ጠይቁ።

ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች፦ አሁን አይመስክሩ። በኮሚቴ ፊት የተናገሩትን የካውንቲው ጠበቃ በችሎት ሊያነሣው ይችላል፤ የልጁን ስም ወይም ፎቶ ፌስቡክ ላይ ማውጣት ደግሞ ዳኛን ያስቆጣል፣ ጉዳዩ ምስጢራዊ ነውና። ይልቅ ቀናቸውን ይቁጠሩ። ልጅ በድንገት ከተወሰደ ካውንቲው በ72 ሰዓት ውስጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ማግኘት አለበት፣ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ችሎት ይደረጋል። «ፋውንድድ» የሚል ደብዳቤ ከደረሰ ካውንቲው ራሱ እንዲያሻሽለው ለመጠየቅ 30 ቀን ነው ያለው። ካውንቲው እምቢ ካለ ወይም 45 ቀን ዝም ካለ፣ እንደገና በ30 ቀን ውስጥ ወደ ግዛቱ ይግባኝ ይባላል። የጄዲአር ፍርድ ይግባኙ ከዚህም ያጥራል፣ 10 ቀን ብቻ፤ ሰርኪት ኮርት (ይግባኙን የሚያየው ፍርድ ቤት) ግን ጉዳዩን ከሥር እንደ አዲስ ስለሚያየው ዋጋ አለው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ፖስታውን ሳይከፍት ቀኑ ስለሚያልፍበት ነው።

ብዙ የማይታወቅ መብት አለ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የተጠረጠረ ወላጅ ከሲፒኤስ ሠራተኛ ጋር የሚያደርገውን ንግግር መቅዳት ይችላል፣ ሁሉም ተነጋጋሪ እንደሚቀዳ እስካወቀ ድረስ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ «እየቀዳሁ ነው» ማለት ነው። ከላይ የተባለው የ«መታሁት» ጣጣም የሚፈታው በዚህ ነው፤ አማርኛው ራሱ ተቀድቷልና።

«ሴፍቲ ፕላን» (የልጁ ደኅንነት ዕቅድ) ሲቀርብ ደግሞ ሰው ፍርድ ይመስለዋል። ዳኛ ያላየው ስምምነት ነው። ልጁ አክስቱ ቤት ይደር የሚል ከሆነ ሳይፈርሙ በፊት «እስከ መቼ?» እና «ባልፈርምስ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እዚያው ወረቀት ላይ ማስጻፍ ነው። መጨረሻ ቀን የሌለው ሴፍቲ ፕላን ስንት ወር እንደሚጎተት አትጠይቁኝ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ብዙ ጥቁር ሕፃናት ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ይዘውት የሚወለዱት ሰማያዊ ምልክት ከበለዝ ጋር ይምታታል። ገና በአራስነቱ የልጁ ሐኪም መዝገብ ላይ ያስጽፉት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሜሪላንድ ያላችሁ ይህን እንዳለ አትውሰዱት። እዚህ «ፋውንድድ» የሚባል የለም፤ ውሳኔው ሦስት ዓይነት ነው፣ ቀኖቹም ሌላ ናቸው። ያለ ሁሉም ፈቃድ ንግግር መቅዳት እዚህ ወንጀል ነው፣ ተጠንቀቁ።

የአሌክሳንድሪያ እናት፦

እግዜር ይስጥልን። ሁለቱ ቤተሰቦች ለጊዜው እንዳይመሰክሩ አድርገናል፣ ፔቲሽኑንም ልንቀይር ነው። ማስታወቂያ በአማርኛ የሚለውን ብንይዝ ወደ ምክር ቤት ነው ወይስ ወደ ቦርዱ? ዕድሩ 501ሲ3 (ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ነው፣ አያስጠይቀውም?

የችሎት ደጅ፦

ሁለቱንም መሞከር ይቻላል፤ እኔ ከቦርዱ እጀምር ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ ማንም ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ደንቡን እንዲቀይር አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ከተቀበሉ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ለኅትመት ይልካሉ፣ ከታተመ በኋላ 21 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል፣ ያ ካለቀ በ90 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጣሉ። እምቢ ቢሉ እንኳ ምክንያታቸውን መጻፍ ስላለባቸው ያን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ምክር ቤት ትሄዳላችሁ። አስተያየቱ «ታውን ሆል» በሚባለው የግዛቱ ድረ ገጽ ይገባል፤ 20 ቤተሰብ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ከሚለጥፍ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ሁለት መስመር ቢጽፍ ይሻላል።

አንቀጹን እንዲህ አድርጉት፦ «ሠራተኛው ከወላጅ ጋር በመጀመሪያ ሲገናኝ የቀረበበት ክስ ምን እንደሆነ፣ ንግግሩን መቅዳት እንደሚችል፣ ውሳኔውንም በ30 ቀን ውስጥ መቃወም እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ ወላጁ በሚያነበው ቋንቋ ይስጥ፤ የሰጠበትንም ቀንና ቋንቋ በፋይሉ ይመዝግብ።» ክሱን በመጀመሪያ ግንኙነት መንገር ቀድሞም የፌዴራል ሕግ ያዘዘው ነው፣ እናንተ የምትጨምሩት ጽሑፉንና ቋንቋውን ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ እንዳትወጣባችሁ አደራ። መዝገብ ከሌለ «ሰጥቻለሁ»፣ «አልሰጠኝም» ሆኖ ይቀራል፣ ሠራተኛው ያሸንፋል።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጥር ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል (ወሩም ዓመቱም በፈረንጁ ነው)፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው ብዙ ጊዜ 46 ቀን ይቆያል። ረቂቅ የማዘጋጀት ጥያቄ ግን ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ስለሚዘጋ ተወካያችሁን በነሐሴና በመስከረም አግኙት። የጸደቀ ሕግ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ይሠራል። በኮሚቴ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው፤ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ግማሹን ያጣል፣ ስለዚህ አስተርጓሚ መኖሩን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በጽሑፍም አስገቡ።

501ሲ3 ስለ ሕግ መጠነኛ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ የማይችለው የምርጫ እጩን መደገፍ ነው። እና የፊርማው ወረቀት ላይ የመኖሪያ አድራሻ ዓምድ ጨምሩበት። ተወካዩ መጀመሪያ የሚያየው ስንቱ ከራሱ ቀጠና እንደሆነ ነው፤ 300 ፊርማ ከየትም ተሰብስቦ ከሚመጣ ከአንድ ቀጠና 40 ይበልጥበታል።